ስድስት ክር በስምንት ቢት

ሳጥኗን ያገኘኋት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። አንድ ኮሞዶር አሚጋ 500 ኮምፒውተር፣ የኃይል መስጫው፣ አንድ ማውስና ወደ አርባ የሚጠጉ ፍሎፒ ዲስኮች ባሉበት ካርቶን ግርጌ ተወሽቃ ነበር። መጠኗ ከሲጋራ ፓኮ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ጫፏ 25 እግር ያለው ማገናኛ፣ በሌላው ጫፏ አንድ የድምፅ ገመድ መሰኪያና አንድ የሚሽከረከር እጀታ አላት። ስም የለባትም፣ የፋብሪካ ምልክትም የለባትም። ሻጩ የማተሚያ ዕቃ ናት አለኝ። ማገናኛዋ ከኮምፒውተሩ የማተሚያ ፖርት ጋር ስለሚገጥም ግምቱ ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን ማተሚያ የድምፅ ገመድ ምን ይሠራለታል ብዬ በልቤ እየሳቅኩ፣ ዋጋ ሳልከራከር ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሳምፕለር ነበረች። ሳምፕለር በውጭ ያለውን ድምፅ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የእጅ ስልክ ሁሉ ስለሚሠራው ማንም ልብ አይለውም። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) የቤት ኮምፒውተር አፍ ነበረው እንጂ ጆሮ አልነበረውም። የእንግሊዞቹ ዜድኤክስ ስፔክትረም በጀርባው «ጆሮ» ተብሎ የተጻፈበት መሰኪያ ነበረው፤ ነገር ግን ያ ጆሮ ፕሮግራም ከካሴት ለመጫን ያህል ምልክቱ ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን ብቻ የሚለይ፣ ከአንድ ቢት በላይ የማይሰማ ነበር። እውነተኛ ጆሮ የፈለገ ሰው ለብቻው መግዛት፣ አለዚያም ራሱ መሥራት ነበረበት።

የእኔዋን ሰው በቤቱ ነው የሠራት። ብሎኖቿን ፈትቼ ስከፍታት ሰሌዳዋ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው የልምምድ ሰሌዳ ሆኖ አገኘሁት፤ ሽቦዎቹ በእጅ የተበየዱ ናቸው፣ አንዳንዱ መጋጠሚያ እንደ ሽምብራ ተድቦልቡሏል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሰዓት ሠሪ እጅ ያረፈበት ይመስላል። ሠሪው ሥራውን እየሠራ ሳለ የተማረ ይመስለኛል፤ ከግራ ወደ ቀኝ በሄድኩ ቁጥር ብየዳው እያማረ ይሄዳል። በመሐል ሁለት ቺፖች አሉ። ባለ 8 እግሩ ትንሹ የሚመጣውን ምልክት ከፍ የሚያደርግ አምፕሊፋየር ነው። ምልክቱን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ባለ 20 እግሩ ትልቁ ኤዲሲ 0820 ይባላል፤ የሳጥኗ ጉዳይ ሁሉ እሱ ነው።

የዚህን ቺፕ አሠራር ለመረዳት እህል ሰፋሪን ማሰብ ይቀላል። ሙሉ ጆንያ በጣሳ ልስፈር ያለ ሰው ቀኑ ይመሽበታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በቁና ይሰፍራል፣ ቁና የማይሞላውን ትራፊ ብቻ በጣሳ ይጨርሳል። ኤዲሲ 0820ም እንዲሁ ነው። የመጣው ቮልቴጅ ከ16 ትላልቅ እርከኖች በየትኛው ላይ እንደሚወድቅ በአንድ ጊዜ ያያል፣ ያንን ይቀንሳል፣ የቀረውን ደግሞ በ16 ትናንሽ እርከኖች ይለካል። 16 በ16 ሲባዛ 256 ነው፤ በ8 ቢት ሊጻፍ የሚችለው የቁጥር ብዛትም ይኸው ነው። ሁለቱ ልኬቶች አልቀው ቁጥሩ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ተኩል ያህል እጅ ነው። የዚያው ቤተሰብ የሆነው ኤዲሲ 0804 ግን ቢቶቹን አንድ በአንድ ስለሚመዝን ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ መቶ ያህል እጅ ይፈጅበታል፤ በእሱ የተሠሩ ሳጥኖች በሰከንድ ከ10 ሺህ ልኬት ብዙም ማለፍ አይችሉም ነበር። የእኔዋን የሠራት ሰው በብየዳ ቢቸገርም በቺፕ ምርጫው አልተሳሳተም።

ይህ ችሎታ ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለጸጎች ብቻ ነበር። ፒተር ቮጀልና ኪም ራይሪ በሲድኒ የሠሩት ፌርላይት ሲኤምአይ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ በ1979 ሲወጣ ዋጋው ወደ 18 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ይጠጋ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ገንዘብ የሚገኘው ለእያንዳንዱ ድምፅ 16 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታና 8 ቢት ልኬት ነው። የእኔዋ ሳጥንም 8 ቢት ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት በቢቱ ቁጥር መፈለግ ስሕተት ይሆናል፤ ልዩነቱ በማጣሪያው፣ በሰዓቱ ትክክለኛነት፣ በዙሪያው ባለው ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ነው። ቢሆንም በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ተማሪ በሁለት ቺፕ ከፌርላይት ጋር እኩል ቁጥር መቁጠር መቻሉ ያስገርመኛል።

በመካከል የነበሩትን ማሽኖች ባጭሩ ልለፋቸው፤ ኮሞዶር 64ን ብቻ ግን ሳላነሳ አላልፍም። የዚያ ማሽን የድምፅ ቺፕ ሲድ በቦብ ያኔስ የተነደፈ፣ ድምፅ ራሱ የሚፈጥር እንጂ የተቀዳ ድምፅ ለማጫወት ያልታሰበ ነበር። ሆኖም የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ከ0 እስከ 15 በተለወጠ ቁጥር ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያመልጠዋል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያንን ጉድለት ይዘው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቀያየሩት ከጠቅታው ንግግርና ከበሮ አወጡበት፤ ለኮሞዶር 64 የተሸጡ ሳምፕለሮችም በመጨረሻ በዚህች የ4 ቢት ቀዳዳ ነበር የሚያልፉት። ያኔስ ራሱ በኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ፣ ኩባንያው ሚራዥ የሚባል ባለ 8 ቢት ሳምፕለር ኪቦርድ አውጥቷል፤ ጉድለቱን ሌሎች እንደ በር ሲጠቀሙበት አይቶ እውነተኛውን በር የሠራ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው። በአታሪ ኤስቲ ላይ ሳምፕለሩ የሚገባው በካርትሪጅ ማስገቢያው ነበር፤ ማስገቢያው ለማንበብ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለጆሮ የተመቸ ነው። ለማኪንቶሽ ማክሪኮርደር የተባለው ሳምፕለር በሲሪያል ፖርት ይገናኝ ነበር።

አሚጋ ግን ከሁሉም ይለያል፤ ጆሮ ሳይኖረው የሰማውን ሁሉ ሊደግም የሚችል አፍ ይዞ ነው የተወለደው። በ1985 ከመጀመሪያው አሚጋ ጋር የወጣው ፓውላ የተባለው ቺፕ፣ ግሌን ኬለር የነደፈው፣ አራት የድምፅ መስመር አለው፤ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ቁጥሮችን በቀጥታ ከማኅደረ ትውስታ እያነበበ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። የጎደለው ቁጥሮቹን የሚያመጣለት ነበር፤ ሳጥኗም ያንን ነው የምታደርገው።

እንዴት እንደምታደርገው ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። የማተሚያ ፖርቱን የሚያስተዳድረው 8520 የሚባል ባለ 40 እግር ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ፕሮግራሙ ከፖርቱ አንድ ባይት (ባለ 8 ቢት አንድ ቁጥር) ባነበበ ወይም በጻፈ ቁጥር፣ ማንም ሳያዘው፣ በአንድ እግሩ ላይ አጭር ምት ይልካል። ምቱ የታሰበው ለማተሚያው «ፊደል መጥቶልሃል ተቀበል» እንዲል ነበር። ሳምፕለር ሠሪዎቹ ግን ገመዱን ከኤዲሲው ጋር አገናኝተው «የሚቀጥለውን ለካ» የሚል ትእዛዝ አደረጉት። ስለዚህ የአሁኑን ማንበብ ራሱ የቀጣዩ ጥሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ማንበብ እንጂ ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ሌላዋ ብልሃት ከዚህም ታንሳለች። ኤዲሲው ከ0 እስከ 255 ሲቆጥር ዝምታ 128 ላይ ነው፤ ፓውላ ግን ዝምታን 0 አድርጎ፣ ከእሱ በታች 128 ከእሱ በላይ 127 ደረጃ ይጠብቃል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚያስፈልገው ከስምንቱ ቢቶች የላይኛውን አንዱን መገልበጥ ብቻ ነው።

ጭንቁ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በአውሮፓ የተሸጠው አሚጋ 500 ፕሮሰሰር በሰከንድ 7.09 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 16,574 ልኬት ከተፈለገ በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው 428 ምት ነው። ይበቃል፣ ይተርፋልም። ነገር ግን ማውሱ ቢነቃነቅ ወይም አንድ ቁልፍ ቢነካ ሲስተሙ ለቅጽበት ወደዚያ ይዞራል፣ ልኬቱ ይዘገያል፣ የዘገየው ልኬትም በድምፁ ላይ እንደ ሽክርክሪት አሸዋ ይሰማል። ስለዚህ የእኔ ፕሮግራም መቅዳት ሲጀምር ሌላውን ሥራ ሁሉ ያቆማል፤ ስክሪኑንም ጭምር ያጠፋል። ይህ የስክሪን መጥፋት በኋላ አንድ ጨዋታ አስከትሏል።

ከዚያ በፊት ግን የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ሳጥኗን ነቅዬ መልሼ ሰካኋት። በሙያዬ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ኃይል ሳይቋረጥ ገመድ አይነካም እያልኩ ለአዳዲስ ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የቀዳሁት ሁሉ ሻከረ። መጀመሪያ ብየዳውን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ፤ በመጨረሻ የድምፁን ሞገድ በስክሪን ላይ አጉልቼ ሳየው ነገሩ ፊት ለፊቴ ነበር። የሞገዱ የላይኛው ግማሽ ደህና ነው፤ የታችኛው ግማሽ ግን በሙሉ ቅርጹን እንደያዘ ልክ 64 ደረጃ ወደ ታች ወርዷል፤ ሞገዱ የዝምታን መስመር ባቋረጠ ቁጥር ገደል እንደገባ ሰው ይዘልላል። 64 ማለት ቢት ቁጥር 6 ነው። የ8520 አንድ እግር ሞቶ ሁልጊዜ ዜሮ ያነብባል። ከ128 በላይ ባሉት ደካማ ድምፆች ያ ቢት ድሮም ዜሮ ስለሆነ ጉዳቱ አይታወቅም፤ ከ128 በታች ባሉት ግን አንድ መሆን ይገባው ነበር።

አሚጋ 500 ውስጥ 8520 ሁለት አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ በእኔ ማሽን ላይ ሁለቱም በሶኬት ስለተቀመጡ ያለ ብየዳ ይወጣሉ። አንደኛው ማተሚያውንና ቁልፍ ሰሌዳውን ሲይዝ ሁለተኛው የዲስክ ድራይቮቹን ያዛል። ሥዕላዊ መግለጫውን ዘርግቼ ያ የሞተው እግር በሁለተኛው ቦታ ቢሆን ምን ይሠራ እንደነበር ፈለግኩ፤ አራተኛውን ዲስክ ድራይቭ ለመምረጥ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ድራይቭ ነው። አራት ድራይቭ በአሚጋው ላይ የደረደረ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሁለቱን ቺፖች አውጥቼ ቦታቸውን አለዋወጥኳቸው፤ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ፣ የሞተውም እግር እስከ ዛሬ ማንም የማይጠይቀውን ሥራ ይዞ ተቀምጧል። በጥገና ሕይወቴ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አልገጠመኝም።

ሳጥኗ ደህና ስትሆን ምን ላስሰማት የሚለው ጥያቄ መጣ። አንድ ጓደኛዬ ከልጁ ክርስትና የቀዳውን እልልታ በካሴት ሰጥቶኝ ሞከርኩት። በሰከንድ 8,287 ልኬት ስቀዳው እልልታው ያልታወቀ ወፍ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ልኬቱ በሰከንድ 8,287 ከሆነ ከግማሹ፣ ከ4,143 ኸርትዝ በላይ ያለው ድምፅ አይጠፋም፣ ተገልብጦ ወደ ታች ይታጠፍና ያልነበረ ድምፅ ይሆናል። እልልታ ደግሞ ከላይ በኩል ባለጸጋ ነው። ደህና ፋብሪካ የሠራቸው ሳምፕለሮች ይህን የሚከለክል ማጣሪያ ከፊት ያስቀምጣሉ፤ የእኔዋ የላትም። አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩላትና ከ7,200 ኸርትዝ አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚደፍን ደካማ ማጣሪያ ሆነ። ልኬቱንም ወደ 16,574 ከፍ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ እልልታው እልልታ መሰለ፤ ወፏ ግን ጨርሳ አልሄደችም።

በዚያው ሰሞን ነው ጋሼን ያሰብኩት። ጋሼ የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ ሠርግ ወይም የአዲስ ዓመት ዝግጅት ሲኖር ክራር የሚደረድሩት እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ክራራቸውን ይዘው መጡልኝ። ማይክሮፎኑን በአሮጌ የካሴት መቅጃ በኩል አሳልፌ ከሳጥኗ ጋር አገናኘሁና፣ ዝምታው 128 ላይ እስኪያርፍ እጀታዋን በጥፍሬ ጫፍ አስተካከልኩ። ጋሼ የክራሩን ቀንበር በጉልበታቸው አስደግፈው መጀመሪያ ቃኙ፣ ቀጥለው የመጀመሪያውን ክር ለብቻው እንዲመቱልኝ ጠየቅኳቸው። ቁልፉን ስጫን ስክሪኑ ጨለመ።

«ጠፋብህ እኮ!» አሉ እጃቸውን ከክሩ አንሥተው።

«አልጠፋም ጋሼ፤ እየሰማ ነው።»

«ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው?» አሉና ሳቁ፤ የመጀመሪያው ናሙና ስለዚህ የክር ድምፅ ሳይሆን የሳቅ ድምፅ ሆነ። እስካሁን አላጠፋሁትም።

እዚህ ላይ ስለ ማኅደረ ትውስታው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ጋሼ ሙሉ ዘፈን ሊደረድሩልኝ ነበር የመጡት። የእኔ አሚጋ 512 ኪሎባይት አለው። ሁሉም ባዶ ቢሆን እንኳ በሰከንድ 16,574 ባይት ሲሞላ 31 ሰከንድ ነው፤ ሲስተሙና ፕሮግራሙ የሚይዙት ሲቀነስ ሃያ ሰከንድ ከተረፈ ደግ ነው። አንድ ፍሎፒ ዲስክ 880 ኪሎባይት ይይዛል፤ እሱም አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎች ዘፈን አይቀዱም ነበር። አንድ ከበሮ፣ አንድ የክር ምት፣ አንድ የዋሽንት ትንፋሽ ይቀዱና ከእነዚያ ፍርፋሪዎች ዘፈን ይገጣጥሙ ነበር። ለመገጣጠሚያው መንገዱን የከፈተው ጀርመናዊው ካርስተን ኦባርስኪ በ1987 ያወጣው ሳውንድትራከር ነው፤ አራት ዓምድ፣ በየዓምዱ 64 መስመር፣ በየመስመሩ የትኛው ናሙና በየትኛው ኖታ ይሰማ የሚል ትእዛዝ።

ነገሬም ያለው በዚህች «በየትኛው ኖታ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ፓውላ ኖታ አያውቅም፤ አንድ ቁጥር ይሰጡታል፣ የራሱን ሰዓት በዚያ ቁጥር አካፍሎ ናሙናውን በዚያ ፍጥነት ያነብባል። ቁጥሩን ወደ ኖታ የሚለውጠው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሠንጠረዥ ነው፤ 428 ብሎ ይጀምርና 404፣ 381፣ 360 እያለ በ12 እርምጃ ወርዶ 214 ላይ አንድ ኦክታቭ ይዘጋል። 12ቱ እርምጃዎች የፒያኖ 12 ቁልፎች ናቸው። በዚያ ዘመን ለቤት ኮምፒውተር የወጣ የሙዚቃ ፕሮግራም ስከፍት ሁሉ ይህንኑ ሠንጠረዥ በሌላ ቁጥር ተጽፎ አገኘዋለሁ፤ ትዝታም ሆነ አንቺ ሆዬ በዚያ መሰላል ላይ ካልቆሙ ወደ ማሽኑ አይገቡም። በትዝታ ብዙም አይጎዳም ይሆናል። አንቺ ሆዬን በኪቦርድ የሰማ ሰው ግን፣ ቅኝቱን የሚያውቅ ከሆነ፣ ቅር የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ቃል ባያገኝለትም ቅር ማለቱ አይቀርም።

እኔም መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጀማሪ አደረግኩ። አንዱን ክር ብቻ ቀድቼ በሠንጠረዡ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አጫወትኩት። ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ናሙናው በፍጥነት ሲነበብ የክሩ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የቆዳውና የሣጥኑ ድምፅም አብሮ ይቀጥናል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክራሩ እየኮሰመነ የልጅ መጫወቻ ይሆናል። ሁለተኛውን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ሰምተው፣ «ክራሩ የእኔ ነው፣ ቅኝቱ የእኔ አይደለም» አሉ።

መፍትሔው ቀላል ከመሆኑ የተነሣ አፈርኩ። ስድስቱንም ክሮች ለየብቻቸው ቀዳኋቸው። እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ከትንሽ፣ ወደ 20 ሺህ ባይት ገደማ፤ ስድስቱ አንድ ላይ ከ120 ሺህ አይበልጡም። ከዚያ ስድስቱንም በአንድ ቁጥር፣ በ214፣ በተቀዱበት ፍጥነት አጫወትኳቸው። ሠንጠረዡ ሥራ ፈታ። ፕሮግራሙ ስድስቱንም አንድ ኖታ ናቸው ብሎ ይጽፋል፤ በስክሪኑ ላይ ላየው ሰው ዘፈኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ኖታ የሚደጋግም ሞኝ ዘፈን ነው። የሚሰማው ግን ጋሼ በዚያ እሑድ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው የቃኙት አንቺ ሆዬ ነው፣ ቆዳውና ሣጥኑም ሳይኮስምኑ።

የተቀዳው ነገር ንጹሕ አይደለም፤ ንጹሕ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። የክራር ክር ከተመታ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ ሲመታ መቶ ደረጃ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው ሞገድ ወደ ጅራቱ ሲደርስ አምስት ደረጃ፣ ሦስት ደረጃ፣ በመጨረሻ በ127 እና በ128 መካከል የሚዋልል አንድ ቢት ይሆናል። እዚያ ላይ ድምፁ ክር መሆኑ ቀርቶ የጠጠር ድምፅ ያሰማል። የሚገርመው፣ ከአሮጌው የካሴት መቅጃ የሚመጣውን ሹክሹክታ ለማጥፋት ደክሜ ደክሜ በሌላ መሣሪያ ስተካው ጅራቱ የባሰ ሻከረ። ሹክሹክታው በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለውን ሞገድ እየነቀነቀ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚጥለው ጆሮ መካከለኛውን ይሰማ ነበር። ካሴት መቅጃውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ቅኝቱ ከፒያኖው ምን ያህል እንደሚለይ ለማወቅ ጓጓሁ፤ ለዚህም ከስክሪኑ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ሞገዱን አጉልቼ አሥር ሙሉ ዙር ስንት ባይት እንደሚይዝ ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ክር አሥር ዙር 621 ባይት ሆነ፤ 16,574 ለ62.1 ሲካፈል ወደ 267 ኸርትዝ ነው። በሁለተኛው ክር 578 ባይት። በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት መቶ ነው ብንል በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርቀት 124 ይሆናል። አንድ ቁልፍ አይደለም፣ ሁለት ቁልፍም አይደለም፤ የኪቦርዱ ሠንጠረዥ 24ቱን ቆርጦ ይጥላት ነበር። ባይት በጣቴ እየቆጠርኩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይህን ሳገኝ ደስታዬ ለጎረቤት የማይነገር ዓይነት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሼ እንደገና መጡ። ዲስኩን አስገብቼ የገጣጠምኩላቸውን አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ (ማሽኑን እያሾፉበት እንደሆነ ገብቶኛል)፤ ከዚያ ክራሩን አንሥተው አብረው ሊመቱ ሞከሩና አልገጠመላቸውም። ክራሩ ትናንት ማታ አንዲት ዘፋኝ ለማጀብ ከፍ ተደርጎ ተቃኝቶ ነበር። እንደዚያው እንዳለ ቀዳሁት። የመጀመሪያው ክር አሥር ዙር 604 ባይት፣ ሁለተኛው 566። ከፍ ማለቱን ጠብቄዋለሁ፤ ያልጠበቅኩት በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርቀት 124 መሆኑ ቀርቶ ወደ 112 መጥበቡን ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው፤ ያን ዕለት ያሰፉትን ዛሬ አጠበቡት፣ የትኛው ነው አንቺ ሆዬ ስል ጠየቅኳቸው።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩትና መለሱልኝ። «ሁለቱም። ያን ቀን ለራሴ ነበር የምመታው።»

አሁን ሁለት ዲስኮች አሉኝ። በሁለቱም ላይ አንቺ ሆዬ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ ከሥር በአንደኛው «እሑድ፣ ለራሳቸው»፣ በሌላው «ከዘፋኟ ማግስት» የሚል አለ። ሦስተኛውን ባዶ ዲስክ ፎርማት አድርጌ ከሳጥኗ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ጋሼ በሚቀጥለው ሲመጡ ባቲ እንቀዳለን ብለዋል። ሳጥኗን የምሰካት ኮምፒውተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው።